አያ ጅቦ በገዛ እጁ የሠራው አልጋ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሰማዩ ማጉረምረም በጀመረበት ሰሞን፣ በአንድ ቆላ ወንዝ ዳር፣ ከገደል ሥር የሚኖር አንድ ጅብ ነበር። የሰፈሩ አውሬ ሁሉ አያ ጅቦ ይለዋል። ዋሻው ሰፊ ነው፤ ወለሉ ግን ያልበዋል። ባለፈው ክረምት ከአለቱ ሥር ውኃ ሲመነጭ ከርሞ አያ ጅቦን ወገቡን ቁርጥማት ያዘው። ድሮም የሚያነክስ እግር ነበረው፤ ወገቡ ሲጨመርበት ጊዜ ከዋሻ መውጣትና መግባት እንደ ሩቅ አገር መንገድ ሆነበት።

ሚስቱ ዘርፌ በዚህ ዓመት አርግዛለች። አንድ ቀን ጠዋት ከአደን እስኪመለስ ጠበቀችና አስቀምጣ አነጋገረችው።

«ስማኝ፤ እኔ በዚህ እርጥብ መሬት ላይ አልወልድም። ወይ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ይኑረን፣ ወይ ከጋራው ማዶ እናቴ ዘንድ ሄጄ እወልዳለሁ።»

«ጅብ ደግሞ መቼ አልጋ ላይ ተኝቶ ያውቃል?»

«በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ አይደለም እንዴ? እሱ ያላፈረውን አንተ ምን አሳፈረህ?»

ደግነቱ በዚያው ሳምንት አንድ ትልቅ በሬ ከላይ ካለው ገደል ተንከባሎ ወንዙ ዳር ወደቀላቸው። ባልና ሚስቱ ጠገቡ። ከጎድኑ ላይ ሥጋውን እየዘለዘሉ፣ ለዘርፌ መታረሻ የሚሆን ቋንጣ ዋሻው ጣሪያ ላይ ሰቀሉ። አያ ጅቦ በመጨረሻ ወደ ቁርበቱ ዞሮ አፉን ሲከፍት ዘርፌ ሄዳ ቁርበቱ ላይ ቁጭ አለችበት።

«ይሄ አይበላም። ይሄ አልጋ ነው» አለችው።

አያ ጅቦ ቁርበቱን አየ። ሚስቱን አየ። ምራቁን ዋጠና «በአባቴ አጥንት! አልነካውም» ብሎ ማለ። የማለውም ከልቡ ነበር።

በዚያ አገር አልጋ የሚሠሩት አባ ወስፌ የሚባሉ ሽማግሌ ጃርት ናቸው። እንጨት የሚበሱት በገዛ እሾኻቸው ነው። የጌታው አንበሳን አልጋ የጠፈሩት እሳቸው፣ ከርከሮ ከነቤተሰቡ የሚተኛበትንም የጠፈሩት እሳቸው ናቸው። አያ ጅቦ ቁርበቱን ተሸክሞ ደጃቸው ደረሰ። አባ ወስፌ ቁርበቱን ዘርግተው፣ ዳርና ዳሩን ሳብ ሳብ አድርገው ተመለከቱት።

«ጥሩ ቁርበት ነው። ሁለት አልጋ ይወጣዋል። አንዱን ላንተ እጠፍርልሃለሁ፤ የተረፈውን ግማሽ ለድካሜ እወስዳለሁ።»

«ግማሹን?»

«ግማሹን።»

«አባ ወስፌ፣ አልጋ ማለት እኮ አራት እግርና አራት አግዳሚ ነው። የቀረው ቀዳዳ ነው። ለቀዳዳ ይሄን ያህል ይከፈላል?»

«አልጋው እኮ ቀዳዳው ነው፤» አሉ ሽማግሌው፣ ሳይቆጡ። «ቀዳዳው ቦታውን ከሳተ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ጠፍሩም ይረግባል። ደግሞ አንድ ነገር ልምከርህ። ማንም ይሥራው ማን፣ ጠፍሩ እስኪደርቅ ድረስ ቤትህ አታስቀምጠው። እዚህ እኔ ዘንድ ይቆይ።»

አያ ጅቦ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። «ለምን እርስዎ ዘንድ ይቆያል?»

አባ ወስፌ መሬት መሬት አዩ። ሰው ፊቱ ቆሞ ሳለ እንዲህ ነህ፣ እንዲያ ነህ ማለት የማይሆንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። «እንዲሁ ነው» አሉ።

«እንዲሁ» የምትለዋ ቃል አያ ጅቦ ጆሮ ውስጥ እንደ ትንኝ ገባች። ቁርበቱን ጠቅልሎ ተሸከመና ሰላም ሳይል ወጣ። መንገዱን ሁሉ ያቺ ትንኝ ስትጮህበት ሄደች። እንዲሁ? እንዲሁ ብሎ ነገር አለ? ግማሹን በግልጽ ተቀብሎ ግማሹን ሲያደርቅ ሊሰርቀኝ ነው እንጂ! ዋሻው ሲደርስ ዘርፌ ሳትጠይቀው ነገራት።

«አልጋውን እኔ ራሴ ነው የምሠራው። መጋዝ ቢሉ፣ መሮ ቢሉ፣ ይኸው አፌ ውስጥ ሞልቷል። ለምን ብዬ ግማሽ ቁርበት ለጃርት እሰጣለሁ?»

«አልጋ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ተኝቼማ አውቃለሁ» አለና ሥራ ጀመረ።

ለሁለት እግር የሚሆን ዋንዛ ቆረጠ። ሦስተኛውን ከብሳና አወጣ። ለአራተኛው ሲደክመው ጊዜ ወንዙ ያመጣውን ደረቅ ግራር አነሣ። አግዳሚዎቹን ሰክቶ ሲያቆመው አልጋው በዋንዛው በኩል ተንጋደደ። ዋንዛውን በጥርሱ ቆረጥ አደረገለት፤ አሁን በብሳናው በኩል ተንጋደደ። ብሳናውን ቆረጠ፤ ግራሩ ረዘመ። ግራሩን ቆረጠ፤ ዋንዛው እንደገና በለጠ። እንዲህ ሲያስተካክል ውሎ፣ አልጋው በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከመሬት ከፍታው የዘርፌን ቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር።

ዘርፌ መጥታ ዞረችው። «አልጋ ነው ወይስ መከዳ?»

«ሲጠፈር ከፍ ይላል» አላት።

ቀዳዳዎቹን በክራንቻው በሳቸው። አንዳንዱ ጡጫ ያስገባል፤ አንዳንዱ እስከ ወዲያ አልዘለቀም። ከዚያ ቁርበቱን ወንዝ ውስጥ ነክሮ አለሰለሰው፤ ፀጉሩን ፋቀ፤ ጠፍር ጠፍር አድርጎ ይሸነሽን ጀመር። አቤት የዚያን ጊዜ የደረሰበት ፈተና! እርጥብ ቁርበት ለጅብ ምን ማለት እንደሆነ ጅብ ያልሆነ አያውቀውም። እየሸነሸነ ምራቁን ይውጣል፤ ምራቁን እየዋጠ ይሸነሽናል። አንዲት ቁራጭ ግን አልነካም። በራሱ ኮራ። ግማሹን ጠፍር አልጋው ላይ ወጠረ፤ የተረፈውን ጠቅልሎ ራስጌው አኖረ። ፀሐይ ከፍ ስትል፣ የጅብ የመኝታ ሰዓት ነውና፣ ጋደም አለ።

ደስ የሚል ሕልም አየ። የበሬ ሻኛ ከነጮማው ቀርቦለት ሲበላ ሲበላ ዋለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እያፋሸገ ነቃና ወደ ጠፍሩ እጁን ሰደደ። ጥቅሉ ሟሽሿል።

አያ ጅቦ ዘሎ ተነሣ። መሬቱን አሸተተ፤ ዋሻውን ዞረ፤ ደጁን ፈተሸ። ዱካ አገኘ፤ የጅብ ዱካ ነው። ጥቅሉ ላይ የጥርስ ምልክት አገኘ፤ የጅብ ጥርስ ነው። ሽታም አገኘ፤ የጅብ ሽታ። «እንግዲህ ሌባው ጅብ ነው ማለት ነው» አለ በሐሳቡ። በዚያ ዋሻ ውስጥ ከእሱ ሌላ ያለው ጅብ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ዓይኑ ቀስ ብሎ ጥግ ላይ ወደተኛችው ወደ ዘርፌ ዞረ።

«ዘርፌ፣ እርጉዝ ሴት ብዙ ነገር ያምራታል ይባላል።»

«ይባላል» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ጠፍርስ ያምራታል?»

ዘርፌ ዓይኗን ገለጠች። ተነሥታ መጣችና አፏን አፍንጫው ሥር ከፈተችለት። «አሽተኝ።»

አሸተታት። ውኃ ውኃ ትላለች። ያም ሆኖ ልቡ አላረፈም። «አፏን ወንዝ ወርዳ ተጉመጥምጣ ቢሆንስ?» እያለ አመሸ።

በማግስቱም ጠፍር ጎደለ። ይሄን ጊዜ ነው እመት ቀበሮ በደጁ ብቅ ያለችው። ሥጋ በተሰቀለበት ቤት ደጅ ማለፍ ልማዷ ነው። አያ ጅቦን ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሲነግራት ዓይኗ አፉ ላይ ተተክሎ ቀረ። ድንገትም ሳል ያዛት፤ ፊቷን አዙራ እስኪወጣላት ሳለች።

«ምነው? ጥርሴ ምን ሆነ?» አላት።

«ኧረ ምንም። ያብረቀርቃል» አለች፤ ወደ ጆሮውም ጠጋ አለች። «እኔ የሰው ስም ማንሣት አልወድም። ለመሆኑ አንተ በገዛ እጅህ አልጋ ስትሠራ እንጀራው የሚጎድልበት ማን ነው?»

አያ ጅቦ ጠጉሩ ቆመ። «ወስፌ!»

«እኔ አላልኩም። ያልከው አንተ ነህ።»

«ጠፍሩን እኔ ዘንድ አስቀምጠው ሲለኝ ጠርጥሬ ነበር!»

«ብቻ አንተ ተኝተህ እንዴት ትጠብቃለህ? ጠባቂ ያስፈልግሃል። እኔ ለዝምድናችን ስል እጠብቅልሃለሁ። ለጉሮሮዬ ማርጠቢያ በየቀኑ ትንሽ ቋንጣ ብትጥልልኝ ይበቃኛል።»

አያ ጅቦ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ቋንጣው የዘርፌ መታረሻ ነው። አልጋውም የዘርፌ ነው። «ከቋንጣና ከአልጋ ምን ይሻላታል?» ብሎ አሰበና ሁለት ዝልዝል አወረደላት።

ከዚያ ወዲያ ቀበሮ ቋጥኙ ላይ ተጋድማ እየበላች ትጠብቃለች፤ አያ ጅቦ ይተኛል፤ ሻኛውን በሕልሙ ይበላል፤ ሲነቃ ጠፍር ጎድሏል። «ምን አየሽ?» ሲላት፣ «ከቁጥቋጦው ውስጥ እሾኽ ሲነቃነቅ አየሁ። ስደርስ የለም» ትለዋለች። አያ ጅቦ ጥበቃውን አጠበቀ። ጠፍሩን ሽቅብ ሰቅሎ ከሥሩ ተኛ፤ ጎደለ። ተንተርሶት ተኛ፤ ባሰበት። በስተመጨረሻ አንዱን ጫፍ ከገዛ አንገቱ ጋር አሠረና «እስቲ አሁን ማን ይወስደዋል!» ብሎ ተኛ። ሲነቃ አንገቱ ላይ የቀረችው ቋጠሮዋ ብቻ ናት።

«ይሄ ነገር ሐሳብ ሆኖ አከሳኝ» አለ ለዘርፌ፣ ሆዱን መሬት ላይ እየጎተተ።

ዘርፌ ሆዱን አየችው። «ክሳትህስ አልታየኝም። ለመሆኑ ቀበሮን ለምን አትጠረጥርም? ቋንጣዬን ጨረሰችው፤ ሌባውም አልቆመም።»

«እሷማ ጠባቂ ናት! ጠባቂ ይጠረጠራል?»

«እሺ፤ ነገ አንተ ተኛ፤ እኔ ነቅቼ ልጠብቅ። የሆነውን በዓይኔ ልይ።»

መልካም ሐሳብ ነበር። ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። አያ ጅቦ ግን ዓይኖቹን አጠበበ። አንድ ሐሳብ መጣበት፤ መጥፎ ሐሳብ ሲመጣ ደግሞ ሁልጊዜ ብልህ ሐሳብ ይመስላል።

«እኔ ስተኛ አንቺ መንቃት የፈለግሽው ለምንድን ነው?» አላት።

ዘርፌ ተነሣች። ሆዷ ከብዷታልና ስትነሣ ድንጋይ ተደግፋ ነው።

«ቁርጥማቱን እችለው ነበር። እርጥቡንም መሬት እችለው ነበር። ስተኛ ሌባ፣ ስነቃም ሌባ የሚያደርገኝ ባል ግን አልችልም» ብላ ወጣች።

ጋራውን ቀስ እያለች፣ እያረፈች ስትወጣ ደመናው ከላይዋ ጠቁሮ ነበር። አያ ጅቦ ደጃፉ ላይ ቆሞ አያት። ተመለሺ ሊላት አፉን ከፈተ። ነገር ግን ዓይኑ ሆዷ ላይ ዐረፈ፤ «ከዚያ ሥር ጠፍር ደብቃ ቢሆንስ?» የሚል ነገር ሽው አለበትና አፉን መልሶ ዘጋው።

ዋሻው ባዶ ሲሆን ንዴቱ ሁሉ አባ ወስፌ ላይ ዞረ። ትዳሬን ያፈረሰው እሱ ነው አለ። አልጋው ላይ የተረፈችውን ጠፍር እንደነገሩ ወጣጥሮ፣ አልጋውን በጀርባው አዝሎ፣ ቀበሮን ምስክር አስከትሎ፣ ጌታው አንበሳ ወደሚያስችሉበት ሾላ ሥር ሄደ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ከርከሮው፣ ጥንቸሏ፣ ጦጣው፣ ሚዳቋዋ፣ ሁሉም ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፤ አባ ወስፌም መሀላቸው ናቸው። አህዪትም መጥታለች፤ እሷ ግን ከወንዙ ወዲያ ማዶ ነው የቆመችው። በችሎት ላይ ማንም ማንንም አይበላም ተብሎ ቢታወጅም፣ አህያ በአዋጅ ላይ ያላት እምነት ትንሽ ነው።

«ጌታዬ፣ ይሄ ጃርት ዘረፈኝ!» አለ አያ ጅቦ። አባ ወስፌን እርስዎ ማለቱን መንገድ ላይ ጥሎት ነው የመጣው። «በገዛ እጄ አልጋ ብሠራ እንጀራዬ ሊጎድል ነው ብሎ ጠፍሬን በየቀኑ ሰረቀኝ። ቀድሞም እኔ ዘንድ ይቆይ ብሎኝ ነበር። ሚስቴን አስጠረጠረኝ። ባዶ ቤት አስቀረኝ።»

ጌታው አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞሩ። «አይተሻል?»

«እኔ ጌታዬ፣ እሾኽ ሲነቃነቅ አይቻለሁ። የማን እሾኽ እንደሆነ አላውቅም። በእርግጥ በዚህ አገር እሾኽ ያለው አንድ ሰው ነው» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ማጉረምረም ተነሣ። ጌታው አንበሳ አባ ወስፌን ጠየቁ። «ጠፍሩን ቤትህ አታስቀምጥ፣ እኔ ዘንድ ይቆይ ብለውታል?»

«ብዬዋለሁ ጌታዬ።»

«ለምን?»

ሽማግሌው ወደ አያ ጅቦ አዩ፤ ወደ ሕዝቡ አዩ፤ አፈሩና ዝም አሉ። ዝምታቸው ሲረዝም ጥንቸሏ ከአጠገባቸው ፈቀቅ አለች። ከርከሮው፣ ዕድሜውን ሙሉ በሳቸው አልጋ ላይ የተኛው ከርከሮ፣ «ባለፈው ቤቴ መጥተው እንጨቱን ሲነካኩ ምን ፈልገው ኖሯል?» ብሎ ለሚስቱ ሹክ አላት። ጥርጣሬ ከአያ ጅቦ ወጥቶ ክቡን መዞር ጀመረ።

«በክረምት መግቢያ ሽማግሌ ማባረር ደስ አይለኝም» አሉ ጌታው አንበሳ። «መልስ ከሌለዎት ግን ከዚህ አገር እንዲወጡ እፈርዳለሁ።»

«ጌታዬ፣ ልናገር?» የሚል ድምፅ ከወንዙ ማዶ መጣ። አህዪት ናት።

«ቅረቢና ተናገሪ።»

«እዚሁ ሆኜ ይሻለኛል» አለች፣ አያ ጅቦን በዓይኗ ጥግ እያየች። «ሌባውን አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜ አየዋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ እኔ ደጅ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «ጌታዬ፣ እሷም ትያዝልኝ!»

«ደጅህ አልደርስም። የምግጠው ከዋሻህ ፊት ለፊት ካለው ዳገት ላይ ነው። እዚያ የምግጠው ሣሩ ጥሩ ስለሆነ አይደለም፤ ጅቡ መተኛቱን በዓይኔ ካላየሁ ሣር አልዋጥ ስለሚለኝ ነው። ስትተኛ አይሃለሁ፤ ስትገላበጥም አይሃለሁ። በዚህ አገር ያንተን እንቅልፍ እንደ እኔ የሚያውቅ የለም።»

«እና ማን ነው ሌባው?» አሉ ጌታው አንበሳ።

«ብናገር የጠላት ወሬ ይባልብኛል። አልጋው ይኸው፤ ባለቤቱም ይኸው። እዚሁ ይተኛና ሁላችሁም እዩ።»

ቀበሮ እንደገና ሳል ያዛት።

አያ ጅቦ ተቆጣ። «በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት? በንዴት ላይ? እኔን እንቅልፍ የሚወስደኝ...» እያለ ጋደም አለ። ስንት ቀን በጥርጣሬ የደከመ ሰውነት ነውና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አንኮራፋ።

ሻኛው መጣ። ዛሬ ደግሞ ከመቼውም የሰባ ነው። እሱ ሕልሙን ያያል፤ ሕዝቡ ደግሞ እሱን ያያል። በመጀመሪያ ምላሱ ወጣና አንዷን ጠፍር ላሰ። ከዚያ ከንፈሩ ሳብ አደረጋት። ከዚያ መንጋጋው ተነሣ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከደረቱ ሥር ያለውን ጠፍር ጨርሶ ከሆዱ ሥር ወዳለው ወረደ፤ እሱንም በልቶ ሲገላበጥ የተረፈችው አንዲት ጠፍር ብቻ ነበረች። እሷንም ነከሳት። አልጋው ጓ! ብሎ ተሰነጠቀ፤ ዋንዛው ወደ ቀኝ፣ ብሳናው ወደ ግራ፣ ግራሩ ወደ ጥንቸሏ ተስፈነጠረ፤ አያ ጅቦም ባፍንጫው መሬት ላይ ተተከለ።

«ያዙት! ያዙት! አሁን እዚህ ነበር!» እያለ ተነሣ። ጠፍሯ ከአፉ እስከ ጉልበቱ ድረስ ተንጠልጥላለች።

አያ ጅቦ ሁሉም አፉን እንደሚያየው አይቶ ወደ ታች ተመለከተ። ጠፍሯን አገኛት። ሳባት፤ ወጣች። ደግሞ ሳባት፤ አሁንም ወጣች። በእጁ ይዞ አገላብጦ አያት። ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ ወደ አባ ወስፌ ዞረ።

«ይሄን አፌ ውስጥ ማን ከተተው?»

ሾላው እስኪነቃነቅ ተሳቀ። ጦጣው ከቅርንጫፉ ወደቀ። ጌታው አንበሳ እንኳ ጎፈራቸው ውስጥ ፊታቸውን ደበቁ። አያ ጅቦ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ሲጠብቅ፣ ምላሱ ላይ የቀረውን የሻኛ ጣዕም ቀስ ብሎ አጣጣመው። የሻኛ ጣዕም አልነበረም። ቁርበት ነው። በዚያ ሰሞን ሁሉ የበላው ሻኛ ቁርበት ነበር። ይሄ ሲገባው ዘርፌ ድንጋይ ተደግፋ ስትነሣ ታየችው።

ቀበሮን ሊጠይቋት ሲዞሩ በተቀመጠችበት የለችም።

አያ ጅቦ ወደ አባ ወስፌ ቀረበ። አንገቱን አላቀናም። «ይቅር ይበሉኝ። ግን ያውቁ ነበር፤ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰውን ፊት ለፊት ሆዳም ነህ ማለት ይከብዳል፣ ልጄ። አሁን ሳስበው ግን፣ ያን ጊዜ ብደፍር ይሻል ነበር» አሉ ሽማግሌው። ጥንቸሏ ወደ አጠገባቸው ልትመለስ ፈልጋ አፈረች።

ዝናቡ የጀመረው አያ ጅቦ ጋራውን ሲወጣ ነው። እያዳለጠው፣ እየወደቀ፣ ከማዶ ካለው የአማቱ ዋሻ ደረሰ። አማቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ከላይ እስከ ታች አየችውና መንገድ ለቀቀች። ዘርፌ ውስጥ ናት፤ ወልዳለች። ሁለት ግልገሎች ጡቷ ሥር ተደራርበው ተኝተዋል።

«ሌባውን አገኘሁት» አለ፣ ከደጅ ሳያልፍ።

«ማን ሆነ?»

«እኔ።»

የዘርፌ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ እያለቀሰች መሰለው፤ ለካ እየሳቀች ነው። «በሕልምህ?»

«በሕልሜ። ሻኛ መስሎኝ።»

«ግባ፤ ዝናቡ መታህ» አለችው።

ገባ። ልጆቹን ጎንበስ ብሎ አያቸው። ገና አልደረቁም። ጆሮዎቻቸው ቀጭን፣ ለስላሳ፣ እርጥብ ናቸው። ደስ አለው። ድካምም አለበት፤ ከአጠገባቸው ሊጋደም ጉልበቱን ሲያጥፍ የዘርፌ እጅ ደረቱ ላይ ዐረፈ።

«እዚህ አትተኛም።»

«ለምን? ልጆቼ አይደሉም እንዴ?»

«ልጆችህ ናቸው። ስትነቃ እመንሃለሁ። ስትተኛ ግን አላምንህም።»

አያ ጅቦ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን ወደ እነዚያ እርጥብ ጆሮዎች ሄደ፤ ምራቁንም ሳያስበው ዋጠ። ሲውጥ ዘርፌ አየችው። መዋጡን እሱም ራሱ ሰማው፤ ደነገጠም። ወጣና ከደጃፉ ውጪ፣ ዝናቡ ላይ፣ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ተኛ። ዘርፌ እስኪያንኮራፋ ድረስ ነቅታ ጠበቀችው፤ ከዚያም በኋላ ዓይኗን አልጨፈነችም።

ከዚህ የምንማረው፣ የገዛ ጠባዩን ሳይጠረጥር ሌላውን ሁሉ የሚጠረጥር ሰው የወዳጆቹን እምነት በልቶ እንደሚጨርስ ነው።